የአጎቴ ላንድሮቨር ያልለበሰችው ልብስ

ልጄ ዳዊት ባለፈው ሚያዝያ ሊያገባ ሲሰናዳ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና ፎቶግራፍ አሳየኝ። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ እንኳን አላስችለው ብሎ፣ «አባዬ፣ የሙሽራ መኪናችን ተገኘች!» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አረንጓዴ ላንድሮቨር ናት። ጣራዋ ነጭ፣ ትርፍ ጎማዋ ኮፈኗ ላይ የተጋደመ፣ ሁለት መብራቶቿ ተጠጋግተው ከመሐል የተተከሉ፣ ያቺው የጥንቷ። ቀለሟ ግን እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫል።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አልኩት።

«ከአንተ ብዙም አታንስ» አለና ሳቀ። «ክላሲክ ናት አባዬ። ከባሕር ዳር ነው የምትመጣው። ባለቤቷ ለማንም አይሰጧትም፤ በስንት አማላጅ ነው የተገኘችው። አሁን እኮ ከአዲሶቹ ይልቅ የምትፈለገው እንዲህ ያለችዋ ናት።»

እኔ ፎቶግራፉን አተኩሬ አያለሁ። ልጄ ምንም ክፉ ሳያስብ ቀጠለ፤ «የአባባ አንዳርጌ መኪናም እንደዚች ነበረች ይባላል። እሷ የት ደረሰች?»

«ማረሻ ሆነች» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት እየሳቀ ወጣ። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አሮጌ መኪና ሳስብ ሰነበትኩ። ጡረታ የወጣ ሰው የሚያስበው ነገር አያጣም። የደረስኩበት ይህ ነው፤ መኪና አዲስ ሲሆን ይከበራል፤ በጣም ሲያረጅም ይከበራል። ችግሩ መሐሉ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከጓሮ የሚያቆሙት፣ ለልጅ ላውርስህ ቢሉት ልጁ የሚያኮርፍበት ሃያ ሠላሳ ዓመት አለ። ያን ዘመን የሚሻገሩት ጥቂቶች ናቸው። የሚሻገሩትም አንድ ግትር ሰው አልሸጥም፣ አልፈታም ብሎ ስለያዛቸው ነው እንጂ በራሳቸው ብርታት አይደለም። ዛሬ የልጄ የሠርግ መኪና ብርቅ የሆነችው እህቶቿን እኛ ስለጨረስናቸው ነው። እኛ ስል እኔን ማለቴ ነው።

ጋሼ አንዳርጌ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበሩ። አባቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተ እዚሁ ቢቸና ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም። ጋሼ ላንድሮቨሯን ብዙ ዓመት የነዷት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሲሆን፣ በኋላ በጨረታ ስትወጣ ያላቸውን አሟጠው ገዟት። ያን ጊዜም አሮጌ ነበረች። ከኋላ ያሏት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት የሚተያዩ ስለነበሩ፣ ከቢቸና ደብረ ወርቅ የሚሄድ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጥና የሁለቱም የቤት ገመና ተወርቶ ሲያልቅ ይወርድ ነበር። ውስጧ ቤንዚን፣ ቅቤና ያልደረቀ ቆዳ ይሸታል። ከመሪው ሥር ባለችው መደርደሪያ ላይ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። ጋሼ በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በሌላው ቆሎውን ይዘው እየቆረጠሙ ነበር የሚነዱት፤ አንድ እፍኝ ሲሰጡኝ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ማብቃቃት ነበረብኝ።

ብርዳማ ጠዋት ከሆነ ከፊት በኩል ማኖቬላ የሚባለው የብረት እጀታ ተከትቶ በጉልበት ካልተሽከረከረ አትነሣም። ስትነሣም ሞተሯ ሳል ስለሚቀድመው የከተማው ሰው «ጉንፋኔ» የሚል ስም አወጣላት። ጋሼ ይህን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። እሳቸው የሚጠሯት «ልጂት» ብለው ነው። ጉንፋኔ እያለ የሚስቅባት ሰው ግን ቤቱ ውስጥ ምጥ የጠናባት ሴት ያለች እንደሆነ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር። ጋሼም የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ይወጣሉ። በዚያች መኪና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ደርሰው በሰላም ከተገላገሉት መሐል፣ ልጃቸውን አንዳርጌ ብለው የሰየሙ ሁለት ሦስት እናቶች አውቃለሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለፌ የተሰማ ቀን ጋሼ የላንድሮቨሯን በር መታ መታ አደረጉና፣ «ስማ ሙሌ» አሉኝ። «ሚስትህን በልጂት ነው የማመጣልህ። ከፈለግህ ከገደል ማዶ አግባ። መንገድ ባይኖርም ልጂት ታወጣለች።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ይህን ቃል ይደግሙታል። እኔም እሺ ጋሼ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ከልቤ ነበር። ኮሌጅ ጨርሼ ቢቸና ግብርና ቢሮ ከተቀጠርኩ በኋላ ግን እሺታዬ ከአፌ ብቻ መውጣት ጀመረ። ጋሼ ልዩነቱን አላስተዋሉም እል ነበር።

ገነትን ያጨሁት በዚያው ሰሞን ነው። የሞጣ ልጅ ናት፣ አስተማሪ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የቢሮ ጓደኞቼ ቀኑን እንደሰሙ፣ «ሙሽሪትን በጉንፋኔ አምጥተህ እንዳታስነጥሳት!» አሉኝ። አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከእኛው ቢሮ ያገባ አንድ ልጅ ሙሽራዋን ያመጣት በነጭ ኮሮላ ነበር፤ ሰዉ ሙሽሪትን ትቶ መኪናዋን ሲያይ ውሏል። እኔም አይቻለሁ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሳል የሌለባት። የጓደኞቼ ሳቅ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ከጋሼ ጋር ማዕድ ስቀርብ ሳይቀር ይሰማኛል። ደሞዜን አጠራቅሜ ያችኑ ኮሮላ ከደብረ ማርቆስ ተከራየሁ።

የቀረው ለጋሼ መንገር ነበር። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። በአገራችን ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ፊት ለፊት አይነገርም። ሰው ይላካል፤ ተላኪውም ነገሩን አለዝቦ ያደርሰዋል። መልካም ልማድ ነው፤ ስንት ጠብ አብርዷል። እኔ ግን በመልካሙ ልማድ ላይ ውሸት ጫንኩበት። ስማቸው የሚባለውን ሚዜዬን ጠርቼ፣ «የሙሽሪት ቤተሰቦች በቤት መኪና ትሂድልን ብለዋል በላቸው» አልኩት።

«እንዲህ ብለዋል እንዴ?» አለ ስማቸው።

«አንተ ብቻ በላቸው።»

ስማቸው ሄዶ ተመለሰ። ጋሼን ያገኛቸው የልጂትን ጎማ ሲያጥቡ ነበር። መልእክቱን ሰምተው ባልዲው ውስጥ የቀረውን ውኃ ደፉና፣ «የሙሽሪት ወገን ካሉማ ይከበራል። ልጅቷ የእነሱ ናት» አሉት።

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ምንም። ፈገግ ያሉ መሰለኝ።»

ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ፈገግታውን የእሺታ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

ይህ የተፈጠረ ታሪክ ቢሆን ኖሮ የሠርጉ ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበር። የቢቸና ዋልካ ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማ ከእግር ያስቀራል። ኮሮላዋ ጭቃ ውስጥ ትሰምጥና ጋሼ በልጂት ደርሰው ጎትተው ያወጡኝ ነበር፤ እኔም አፍሬ፣ ተምሬ፣ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። አንድ ጠብታ እንኳን አልዘነበም። ሰማዩ ጥርት ብሎ የጮቄ ተራራ በስተግራችን እስከ ጫፉ ይታይ ነበር። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማሳው ባዶ ነው፤ አልፎ አልፎ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ የመጀመሪያውን እርሻ ይጀምራል። ኮሮላዋ ጠጠሩን እየፈነጠቀች ያለ ምንም እክል ሄደች። ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ በትኩስ ዳቦ በላን። ግንደወይን ስንደርስ ገበያተኛው መንገድ ለቀቀልን፤ ሴቶች እልል አሉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው መስዬ ለራሴ ታይቼ አላውቅም።

ሞጣ የደረስነው ከቀትር በፊት ነው። የገነት አባት አቶ ይግዛው ከበራፍ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያነጋግሩ እጃቸውን ሰው ትከሻ ላይ የሚያሳርፉ ሰው ነበሩ። ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝና ከጀርባዬ ወደ መኪኖቹ ተመለከቱ። አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«አቶ አንዳርጌ የት ቀሩ? መኪናዋስ?»

«ተበላሸችባቸው» አልኩ። አሁን ሳስበው እንዴት ፈጥኖ እንደመጣልኝ ይገርመኛል።

«ምነው! እንዲያ ተሰናድተው?»

እንዲያ ማለታቸው ምን እንደሆነ ልጠይቃቸው ሲገባኝ ሚዜዎቼ እየጨፈሩ ወደ ድንኳኑ ገፉኝ። ጥሬ ሥጋው፣ ጠጁ፣ የሞጣ ማር፣ ሁሉም በሽ በሽ ነበር። አቶ ይግዛው ግን ከጎናቸው አንድ ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ሲከለክሉ ዋሉ። ወንበሯ ለማን እንደተጠበቀች ገብቶኝ ነበር፤ እንዳልገባው ሰው ሆኜ በላሁ።

ሳይመሽ ቢቸና ገባን። ጋሼ ነጭ በነጭ ለብሰው ደጅ ላይ እያጨበጨቡ ተቀበሉን። ገነት ጉልበታቸውን ስትስም ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟትና መረቋት። ከዚያ ኮሮላዋን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ኮፈኗን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ።

«ጥሩ መኪና ናት» አሉኝ። «ድምጿ አይሰማም።»

ከጀርባቸው፣ ከዋንዛው ሥር፣ ልጂት ታጥባ ቆማለች። ጎማዎቿ በጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። ለምን ተቀቡ ብዬ አልጠየቅኩም።

የመልሱ ዕለት ጋሼ ወገባቸውን አመማቸውና ሞጣ ሳይሄዱ ቀሩ። በፋሲካ ሲጠሩ ሰው ሞቶባቸው ነበር። በገና ሌላ ምክንያት። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉ፤ አጎቴ አንድም ቀን የአማቶቼን ደፍ ሳይረግጡ ቀሩ። ሞጣ ላይ፣ «የቢቸናው ሰውዬ ናቁን» ተባለ። አቶ ይግዛው ይህን በቀጥታ አልተናገሩኝም፤ ትከሻዬ ላይ የሚያሳርፉት እጅ ግን እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ። ገነትም ቤታችን ውስጥ፣ «አጎትህ የአባቴን ቤት ምን ቢያዩበት ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። አንዳንዴ በቁጣ፣ አንዳንዴ በእንባ። ለጋሼ ያላት ሰላምታ ሰላምታ ብቻ ሆነ። ለበዓል ከእኔ ጋር ትሄዳለች እንጂ ብቻዋን እቤታቸው ገብታ አታውቅም።

እኔ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ውሸቴን አምነዋል፤ መኪናቸውን የናቁባቸው አማቶቼ ስለመሰሏቸው ቂም ይዘዋል ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ዛሬ ደክሟቸዋል፤ ነገ እንግዳ አለ፤ ከነገ ወዲያ ገነት ወለደች። ሰው ትንሽ ውሸት ሲዋሽ ትንሽ ሆና የምትቀር ይመስለዋል።

ከሠርጉ በኋላ ልጂት ብዙ አልሠራችም። መጀመሪያ ለገበያ ቀን ብቻ፣ ከዚያ ለታመመ ሰው ብቻ፣ ከዚያ ጨርሶ ቆመች። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ቤት ስሄድ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ከሥሯ ተጋድሞ ባሌስትራዋን ሲፈታ ደረስኩ። ባሌስትራ መኪናን ከጎማ በላይ የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ነው፤ ተቀጥቅጦ ከእሱ የተሻለ ማረሻ አይወጣም ይባላል። በዙሪያችን ያለው የእነማይ ወረዳ ገበሬ ለእሱ ሲል ይለምናል። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ብረቷ ጥሩ ነው፤ ማረሻ ይሁን። ማረሻን ማንም አይንቀው» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ካልፈለግሃት ብዬ ነው» አሉ።

ያኔ «ኧረ እፈልጋታለሁ፣ አይፍቷት» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር። ቆሜ የማያት መኪና በዕድሜዋ መጨረሻ ሰው የሚሻማባት ትሆናለች ብሎ ማን ያስባል? ጋሼ የጠበቁት ግን ለመኪናዋ ሳይሆን ለእሳቸው ብዬ እንድናገር ነበር። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ብረቱን በመሸከም ቀጥቃጩን አገዝኩት። በሮቿ የዶሮ ቤት ሆኑ፤ አግዳሚ ወንበሮቿን ገበያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ወሰዳቸው።

ጋሼ አንዳርጌ ሲሞቱ አቶ ይግዛው ከሞጣ ለቀብር መጡ። አፈር ከለበሱ በኋላ መቃብሩ አጠገብ ብቻቸውን ቆመው፣ «አንድ ቀን እንኳን አብረን እንጀራ ሳንቆርስ» ሲሉ ሰማኋቸው። ከኋላቸው ነበርኩ። ያም አንድ ዕድል ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው እሳቸውም ተከተሉ።

እንግዲህ የዳዊት ሠርግ ዋዜማ ደረሰ። መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት ጊዜ ስላልሆነ ሹፌሩ ቀደም ብሎ ነበር ከባሕር ዳር የተነሣው። አረንጓዴዋ ላንድሮቨር ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ስትገባ ሰፈሩ ተከትሏት ገባ። ጉንፋኔ እያሉ ያላገጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እየተራኮቱ አጠገቧ ፎቶግራፍ ተነሡ። አንዷ ልጅ ጉንጯን በሯ ላይ ለጥፋ ነበር የተነሣችው። ሹፌሩ፣ ንጹሕና ጨዋ ወጣት፣ የነኳትን ቦታ ሁሉ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል።

እትዬ አስካለ በባጃጅ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ያያል። አንድ ፌስታል አንጠልጥለዋል። በዘንግ እየተመረኮዙ መኪናዋን ከፊት ከኋላ ዞሯት፤ ወደ ውስጥ አጎንብሰው አሸተቱ።

«ቅቤ አትሸትም» አሉ። ከዚያ ፌስታሉን ሰጡኝ። «ይህን አልብሷት። ለአንተ ሠርግ የተሰፋ ነው። ከሳጥን አውጥቼ አጠብኩት።»

ፈታሁት። ወፍራም ነጭ ጨርቅ፣ ዳር ዳሩ ቀይ ጥለት ያለው፣ የመኪና ወንበር ልብስ። ሁለት ለፊት ወንበሮች፣ ሁለት ረጃጅም ለኋላ አግዳሚዎች። ክሮቹ እንኳን አልላሉም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ወደ ውስጥ ገብቼ አንደኛውን በኋላው አግዳሚ ላይ ዘረጋሁት። ልክክ አለ፤ አንድ ጣት እንኳን አልተረፈም፣ አላነሰም።

ሹፌሩ ሮጦ መጣ። «ይቅርታ አባባ፣ ወንበሯ የጥንቱ ነው፤ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ። ምንም እንዳይለብስ ባለቤቷ በጥብቅ አዝዘዋል። የምትፈለገው በእሱ ነው።»

ወንበሩን አየሁት። እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። በእኔ ዘመን ቢሆን ይህን ስንጥቅ አይቶ የማይስቅ ሙሽራ አልነበረም። ጨርቁን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና እዚያው ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ ደገፍ ብለው ገቡና ከፊት ለፊቴ ካለው አግዳሚ ላይ ዐረፉ። ሹፌሩ ነገሩ ገብቶት መሰለኝ ራቅ አለ።

ሠላሳ ዓመት ያላወጣሁትን ቃል ያኔ አወጣሁት። አማቶቼ መኪናውን አንፈልግም እንዳላሉ፣ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ለአማቴም ተበላሸች ብዬ እንደዋሸሁ፣ ጋሼ በከንቱ ቂም ይዘው እንደሞቱ፣ ሁሉንም። እትዬ አስካለ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«አንዳርጌ ያውቅ ነበር።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

«ይህን ጨርቅ የገዛው ሞጣ ነው» አሉ። «ቢቸና ቢያሰፋው ወሬው ይደርስሃል ብሎ፣ ከሠርግህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጂትን ነድቶ ሄደ። ሱቁ በር ላይ ከአማትህ ጋር ተገናኙ። አንዳርጌ አረንጓዴ ልግዛ ቢል አማትህ እንቢ አሉ፤ ለሙሽራ ነጭ ነው ብለው ራሳቸው መረጡለት። ሰፊው እስኪጨርስ አብረው ሲጫወቱ ዋሉ። ለልጆቹ እንዳይነገር ተማምለው፣ በመኪናዎ እንጠብቅዎታለን ብለው ነው የሸኙት። ታዲያ ያ ሚዜህ መጥቶ የሙሽሪት ወገን እንዲህ አሉ ሲለው፣ ከማን እንደመጣ አይጠፋውም።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ምን ብሎ? ያሳደግሁት ልጅ አፈረብኝ ብሎ?»

«ሞጣስ? ለምን ሳይሄዱ ቀሩ? ቂም ካልያዙ…»

እትዬ አስካለ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቀ ሰው አዩኝ። «ቢሄድ ሁለቱ መጫወታቸው ይቀራል? ሲጫወቱ ያንተ ነገር ይወጣል። ‹ልጁ በአማቶቹ ፊት ዋሾ ከሚባል እኔ ኩሩ ልባል› አለ። እኔም ሂድ ብየው ነበር፤ አማትህን ወዷቸው ነበርና። እንቢ አለ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ንጋት ሁለቱ ሰዎች ከተቀበሩ በኋላ ነው የመጣው። ሽማግሌ ሰው ነኝ፤ እዚያች መኪና ውስጥ ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሼን ይቅር የማይል ሰው አድርጌ በልቤ ስወቅሳቸው፣ እሳቸው ከእኔ ውሸት ፊት ቆመው ሲሸፍኑኝ ኖረዋል። ሞጣ ላይ ስማቸው ሲጠፋ እያወቁ።

እትዬ አስካለ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ «በል አሁን ለሚስትህ ንገራት» አሉኝ። «እሱ የጠበቀልህ ይበቃል።»

ገነት ድስቶቹን ትታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። እትዬ አስካለ ቦታ ለቀው ወረዱ። በዚያች መኪና ሲቀመጡ ፊት ለፊት ነው፤ ዞር የሚሉበት የለም። ነገርኳት። ፊቷን አየሁት፤ መጀመሪያ ያላመነች፣ ከዚያ ያመነች።

«ጨርቁን ማን መረጠው ነው ያልከኝ?» አለች በመጨረሻ።

«አባትሽ።»

ከጉልበቴ ላይ ወሰደችው። ቀዩን ጥለት በጣቷ ተከትላ እስከ ዳር ሄደች።

«አባቴ በሕመሙ ጊዜ ‹ያ ነጭ ጨርቅ ምን ሆነ?› እያለ ይጠይቀን ነበር» አለችኝ። «እኛ መግነዙን የሚል መስሎን፣ ተው አባ እንዲህ አትበል እያልን ዝም እናሰኘው ነበር።»

ይህን ብላ ጨርቁን እንደያዘች ወረደች።

ሠርጉ በሰላም አለቀ። ላንድሮቨሯ በማግስቱ በሸራ ተሸፍና፣ ተከብራ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች። ዳዊት አንዳንዴ፣ «አባዬ፣ የአባባ አንዳርጌን መኪና ብታስቀምጧት ኖሮ ዛሬ ስንት ታወጣ ነበር!» እያለ ይቆጫል። እኔ የሚቆጨኝ የምታወጣው ገንዘብ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ፤ ከቢቸና ሞጣ የሚወስደው መንገድ፣ በሁለቱ አግዳሚዎች ላይ ጉልበት ለጉልበት የተጋጠሙ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በመሐላቸው የሽምብራ ቆሎ። ያ መንገድ አንድም ቀን አልተኬደም።

ገነት አሁን በየቅዳሜው ባጃጅ ይዛ ብቻዋን እትዬ አስካለ ዘንድ ትሄዳለች። ነጩን ጨርቅም እዚያ መልሳዋለች። ሁለቱ ምን እያወሩ እንደሚውሉ አልጠየቅኳትም። አብረን እንሂድም አላለችኝም።